ካምቢዮ ሲወርድ

«እጅህን ማርሹ ላይ አሳርፈህ ነው የምትነዳው፣ አይደል?»

መካኒኩ ይህን ሲሉኝ እኔን እያዩ አልነበረም። ዓይናቸው በእጃቸው የያዙት የብረት ሹካ ላይ ነበር። ሹካው ካምቢዮ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ሦስተኛና አራተኛ ማርሽን ወዲያና ወዲህ የሚገፋው ነው፤ ሁለት ጣቶቹ በሚሽከረከር የብረት አንገትጌ ቦይ ውስጥ ገብተው ይኖራሉ። ወደ በሩ ብርሃን ዞር ሲያደርጉት አንደኛው ጣት ከሌላው መቅጠኑን እኔም አየሁ። ጎኑ ተፍቆ እንደ ማንኪያ ጀርባ ያበራል።

«አንዳንዴ» አልኳቸው።

«አንዳንዴ እንዲህ አይበላም።»

ሲያስረዱኝ ቃል አላበዙም። ማርሽ ከገባ በኋላ ሹካው ሥራውን ጨርሷል፤ አንገትጌውን ሳይጫን እንዲያው መቆም ብቻ ነው ያለበት። እኔ ክንዴን ማርሽ መለወጫው ላይ ጣል ሳደርግ ግን የክንዴ ክብደት በዘንጉ ይወርድና ሹካውን ይገፋዋል፤ ሹካው ደግሞ በደቂቃ ሁለት ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ የሚዞረውን አንገትጌ ይደገፋል። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሽቅቡ ይበዛል፣ አሮጌ ናፍጣ ሞተር በዚያ ከፍታ ያለከልካል፣ አምስተኛን ብዙም አላስገባም፤ በአራተኛ ነው የምጓዘው። ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ዓመት፣ እኔ ያረፍኩ መስሎኝ ውስጥ ለውስጥ ብረት ስፍቅ ኖሬአለሁ።

ሰው ጥፋቱን በብዙ መንገድ ይሰማል። በዕረፍቱ መከሰስ ግን ለእኔ አዲስ ነበር።

መኪናዋ ሲንግል ጋቢና ሃይሉክስ ናት። ቶዮታ ይህን ስም ይዞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ የእኔዋ ከዚያ ዘር አምስተኛው ትውልድ ላይ የምትገኝ፣ 2.4 ሊትር ናፍጣ ሞተር ያላት፣ 30 ዓመት ያለፋት አሮጊት ናት። የገዛኋት ከእህል ነጋዴ ላይ ነው። ዝናብ ሲመታት ከካሶኔዋ ዛሬም የጤፍ ሽታ የሚወጣ ይመስለኛል፤ ባለቤቴ አትስማማም፣ የናፍጣ ነው ትላለች። በወር ሁለት ጊዜ ወንድሜ ጋ ሸዋ ሮቢት እወርድና ማንጎና ፓፓያ ጭኜ እመለሳለሁ።

ሕመሙ የጀመረው በሁለተኛ ማርሽ ነው። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስመልስ መጀመሪያ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ሰው በሩቅ መጋዝ የሳበ ያህል። ቀጥሎ ድምፁ ወፈረ። ከዚያ ቁልቁለት ላይ ጋዝ ስለቅ ማርሹ ራሱ እየዘለለ መውጣት ጀመረ። እኔ ደግሞ መላ አገኘሁ፤ በአንድ እጅ መሪ፣ በአንድ እጅ ማርሹን ጭኖ መያዝ። ሁለት ዓመት እንደዚያ ነዳሁ። ሕመምን ለምዶ መላ ማበጀት ከሕመሙ የከፋ ሕመም መሆኑን ያወቅኩት ሹካው ከወጣ በኋላ ነው።

ጋራዥ የሚነገረው አማርኛ ስለ ድካም ልዩ ዕውቀት አለው። ኩሽኔታ ተበላ፣ የፍሪሲዮን ሸራ ተበላ፣ ጎማ ተበላ፣ ጥርስ ተበላ። ለመብላት የተፈጠረው ጥርስ ራሱ ሲበላ ቋንቋው ምንም አይደንቀውም። በላተኛው ማን እንደሆነ ግን ግሡ አይናገርም። «ተሰበረ» ሌላ ነገር ነው፤ የተሰበረ ነገር ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ ምስክር አለው። ማክሰኞ ጠዋት፣ ድልድዩ ጋ ስትደርስ፣ ቋ አለ። የተበላ ነገር ቀን የለውም። ስለ ወዳጅነትም ስናወራ እንደዚያው ነን። «ተጣላን» የሚል ሰው ቀኑን ቆጥሮ፣ የተባለውን ቃል ሳይቀር ይነግርሃል፤ «ተራራቅን» የሚል ሰው ግን ከመቼ ጀምሮ ብትለው ትከሻውን ከመስበቅ በቀር መልስ የለውም።

«ሙሉ ካምቢዮ ግዛና ተገላገል» ያሉኝ ብዙ ናቸው። እውነት አላቸው። ሶማሌ ተራ ብትሄዱ ከዱባይና ከሻርጃ በኮንቴይነር የመጣ ያገለገለ ካምቢዮ ከነመለወጫ ዘንጉ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ መጽሔቱ እስኪታተም ይለወጣል። በገንዘብም በጊዜም ስናሰላው የሚያዋጣው እሱ ነበር፤ በዚህ ክርክር ተሸንፌያለሁ። ነገር ግን ያገለገለ ካምቢዮ መግዛት የማላውቀውን ሰው ድካም መግዛት መሰለኝ። በረሃ ላይ ሲነዳ የኖረ ሰው እጁን የት ያሳርፍ እንደነበር አላውቅም። የራሴን ግን፣ ይኸው፣ መካኒኩ አወቁብኝ።

ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት አዳመጡት። ሞተሩ ሥራ ላይ እያለ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ የካምቢዮው ግድግዳ ላይ አስደገፉ፤ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ማርሽ ሳይገባ፣ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ፣ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ አለ። «እርገጥ» አሉኝ፤ ረገጥኩ፣ ጠፋ። «ልቀቅ።» ተመለሰ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከሞተሩ ኃይል የሚቀበለው ዘንግ ይቆማል፤ ስለዚህ ጉርምርምታው ከዚያ ዘንግ ኩሽኔታ ወይም ዘንጉ አብሮት ከሚያዞረው ከታችኛው ዘንግ ነው ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መንገድ ላይ ወጣን። በአንደኛ፣ በሁለተኛ፣ በሦስተኛ ይጮሃል፤ አራተኛ ስናስገባ ጸጥ ይላል። አራተኛ ቀጥታ ነው። የሞተሩ ዘንግና ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ እንደ አንድ በትር ተቆላልፈው ይዞራሉ፤ የታችኛው ዘንግ አብሮ ይዞራል እንጂ ጭነት የለበትም። ጭነት ሲነሳለት ዝም የሚል ነገር የቱ እንደታመመ ታወቀ። «የታችኛው ኩሽኔታ» አሉ፤ ሲፈታም እሱ ሆኖ ተገኘ።

ክሪክ ገባ፣ እንጨት ተደረደረ፣ ትራስሚሲዮኑ ተፈታ። ዘይቱ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ሲወርድ መጀመሪያ እንደ ማር ወፍሮ፣ ከዚያ ቀጥኖ ወረደ። የማፍሰሻው ብሎን ጫፍ ላይ ማግኔት አለው፤ ማግኔቱ ላይ እንደ ጥቁር ሊጥ የሆነ የብረት ዱቄት ተለጥፎ ወጣ። መካኒኩ እሱን ብዙም አላዩትም። ጣታቸውን ጀሪካኑ ውስጥ ነክረው አወጡና በአውራ ጣታቸው እያሹ ወደ ፀሐይ ያዙት። ዘይቱ ውስጥ ቢጫ ነገር ያብለጨልጭ ነበር፤ ከወርቅ አንጥረኛ ደጅ የተጠረገ አቧራ የመሰለ። ነሐስ ነው። ማግኔት ነሐስን አይዝም፤ ብረት የራሱን ወገን ይዞ ሲቀር ነሐሱ ዝም ብሎ ከዘይቱ ጋር ሲዞር ኖሯል።

«ቀለበቶቹ አልቀዋል» አሉ፤ ገና ሳጥኑን ሳይከፍቱ።

ካምቢዮ በጣልያንኛ «ለውጥ» ማለት ነው፤ ገንዘብ መመንዘርም ካምቢዮ ነው። እኛ ጋ ግን ለውጡን ትቶ የሳጥኑ ስም ሆነ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያን ነበረ፣ ሄደ፤ ከመኪናው ሥር ያለው ቃል ግን ቀረ። ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ክሪክ፣ ባሊስትራ፣ ማርሚታ፣ ኮፈኖ፣ ካቻቢቴ። ወራሪን ያባረረ ሕዝብ በወራሪው ቃል መኪና ሲጠግን ይኖራል፤ በዚህ የሚያፍር መካኒክ አላየሁም፣ ሊያፍርም አይገባም። ልብ ያልኩት ግን አንድ ነገር አለ። ዕቃው በባዕድ ቃል ሲጠራ፣ ዕቃው የሚደርስበት ነገር ሁሉ በአማርኛ ነው። ኩሽኔታው «ይበላል»፣ ፍሪሲዮኑ «ይንሸራተታል»፣ ማርሹ «ይዘላል»፣ ካምቢዮው «ይወርዳል»። ስሙን ከውጭ አምጥተን ዕጣውን ከራሳችን ሰጠነው።

ሳጥኑ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ለዓመታት የተሳሳትኩት ነገር ታየኝ። ማርሽ ስቀይር ጥርስ ከጥርስ ጋር የማጋጥም ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ወደፊት የሚያስኬዱት ጥርሶች በሙሉ ሁልጊዜ ተያይዘው ነው የሚዞሩት፤ አንደኛም፣ ሁለተኛም፣ ሦስተኛም፣ በአንድ ጊዜ። ብቻ እያንዳንዱ በዘንጉ ላይ እንዲያው በነፃ ይዞራል፤ ከዘንጉ ጋር የተቆለፈው አንዱ ብቻ ነው፣ ጭነቱን የሚሸከመውም እሱ ነው። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ወደ አራት ጊዜ ገደማ ሲዞር ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ አንዴ ይዞራል፤ ፍጥነት ተሰጥቶ ጉልበት ይገዛል። ሌሎቹ ደግሞ ያጅባሉ። የማንኛውም መሥሪያ ቤት ኮሪደር ይህን ይመስላል፤ ግን ወደዚያ አልሄድም።

ማርሽ መቀየር እንግዲህ ያ አንገትጌ ተንሸራትቶ አንዱን ጥርስ ከዘንጉ ጋር መቆለፍ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል። አንገትጌው በአንድ ፍጥነት ይዞራል፤ ሊቆለፍ የሚፈልገው ጥርስ በሌላ ፍጥነት። በተለያየ ፍጥነት የሚሄዱ ሁለት ጠንካራ ነገሮች ድንገት ሲገናኙ የሚሆነውን ጆሯችን ያውቀዋል። የድሮ ከባድ መኪና ሾፌሮች ይህን በእግራቸውና በጆሯቸው ይፈቱት ነበር። ፍሪሲዮን ረግጠው ማርሹን ያወጣሉ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀው ጋዝ ይሰጣሉ፣ የሞተሩ ድምፅ ከመንገዱ ጋር የሚመጣጠንባትን ቅጽበት አድምጠው ይይዟታል፣ እንደገና ረግጠው ያስገባሉ። ዛሬም ከአንዳንድ አዛውንት ሾፌር ጎን ብትቀመጡ ቀለበት ባለው መኪና ሳይቀር እንዲያ ሲያደርጉ ታያላችሁ። ልማድ ነው እንላለን፤ እኔ ጨዋነት ነው ወደማለት እያዘነበልኩ ነው።

ከዚያ ቀለበቱ መጣ። ኧርል ቶምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ያፈለቀውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1928 ካዲላክ መኪናዎቹ ላይ ገጠመው። ዛሬ በእኔ መኪና ውስጥ ያለው መልኩ እጅ ላይ ቢደረግ የአምባር ያህል የሆነ የነሐስ ቀለበት ነው፤ ውጩ በጥቃቅን ሹል ጥርሶች የተከበበ፣ ውስጡ እንደ ተገለበጠ ፈንድሻ መያዣ ወደ አንድ ወገን የሚጠብ። በአንገትጌውና በማርሹ ጥርስ መካከል ይቀመጣል። አንገትጌው ሲመጣ መጀመሪያ የሚገፋው ቀለበቱን ነው። ቀለበቱ ማርሹ ላይ ካለው ለስላሳ የብረት ሾጣጣ ጋር ይፋተጋል፤ የዘገየውን ያፈጥናል፣ የፈጠነውን ያዘገያል። ፍጥነታቸው እስኪስተካከል ደግሞ በጥቃቅን ጥርሶቹ በሩ ላይ ተጋርጦ አንገትጌውን አያሳልፍም። የተስተካከሉ ዕለት፣ ማለትም ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ራሱ ዞር ብሎ ያሳልፋል። ከሁለቱም ብረቶች የለሰለሰ ሆኖ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው። መበላት ያለበት ካለ እሱ ይበላ።

መካኒኩ የሁለተኛውን ማርሽ ቀለበት አነሱና ሾጣጣው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አድርገው ገጠሙት። «ጫን በልና አዙረው።» ጫን ብዬ አዞርኩት። ዞረ። እንደ ቅቤ ዞረ። ከዚያ ከላስቲክ ውስጥ አዲሱን አወጡ፤ ያንኑ ዘይት፣ ያንኑ ሾጣጣ። ጫን አልኩት፤ ነከሰ። በሁለት እጄ ብሞክር እምቢ አለ። ላነሳው ስል ራሱ አልለቅም አለኝ፤ በእንጨት እጀታ ቸብ ማድረግ ነበረብኝ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ውስጣቸውን አየሁ። የአዲሱ ውስጥ በጣት የሚዳሰስ ቀጭን ቀጭን መስመር አለው፤ እንደ ሸክላ ዘፈን። እነዚያ መስመሮች የዘይቱን ሽፋን ቆርጠው ብረት ከነሐስ እንዲነካካ ያደርጋሉ። አሮጌው ላይ መስመሮቹ ጠፍተዋል። የተበላ ነገር ሻካራ ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው። ይህ ግን አምሮበታል፤ ተወልውሎ፣ ለስልሶ፣ ፊት ያሳያል። ከሾጣጣው ጋር ሲገናኝ በዘይቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ማንንም አይቆነጥጥም፣ ማንንም አያዘገይም። ከማርሹ ጋር ሲገጠም የሚቀረው ክፍተትም ጠቧል፤ ከ0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ በታች ከወረደ ይጣላል ይባላል፣ የእኔው ላይ ስሱ የመለኪያ ቅጠል እንኳ አልገባም።

ያን ለስላሳ ነሐስ አውራ ጣቴ ላይ ሳዞር ባለፈው ክረምት ትዝ አለኝ።

ሁለት ጎረቤቶቻችን በአንድ የውሃ መውረጃ ቦይ ተጣልተው ነበር። ከሦስት ሽማግሌዎች አንዱ ሆኜ ተቀመጥኩ። በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበርና ነገሩን በአክብሮት ያዝኩት፤ አክብሮት ማለት ደግሞ ማንንም አለማስከፋት መሰለኝ። አንደኛው ሲናገር «እውነትህን ነው» አልኩ። ሌላው ሲናገር «ልክ ብለሃል» አልኩ። ከእኛ መካከል በዕድሜ የሚበልጡት አዛውንት ግን ይቆረቁሩ ነበር። «ቆይ፣ ድንጋዩን ማን ነው ያነሳው?» «ቆይ፣ ያን ቀን ልጅህን ማን ነው የሰደበው?» ነገር ሊያልቅ ሲል «ቆይ» ይላሉ። መሸብን። ቡናው ቀርቧል። «አባቴ፣ ይቅር ከተባባሉ እኮ በቃ» አልኳቸው፤ ዝም አሉ። ሁለቱ ተነሥተው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ሁላችንም አጨበጨብን። ጳጉሜን ሳይገባ ፍርድ ቤት ነበሩ።

እስካሁን ሁለቱ ሰዎች ክፉ ሆነው ነው ብዬ ነበር የማስበው።

አማርኛ ለአሮጌ ሰውና ለአስታራቂ አንድ ቃል መስጠቱን ሁላችንም እናውቃለን። ምክንያቱን እንደዚህ እንፈታዋለን፦ ዕድሜ ጥበብ ያመጣል፣ ጥበበኛ ያስታርቃል። ጋራዡ ውስጥ ግን ቃሉ ከኋላው ወደ ፊት ተነበበኝ። ምናልባት ማስታረቅ ነው የሚያስረጀው። በሁለት ጠንካሮች መካከል የሚቀመጥ፣ ሁለቱም ሳይላጩ እሱ የሚላጭ፣ እያንዳንዱ እርቅ ከገላው አንድ ቀጭን መስመር ወስዶ ዘይት ውስጥ የሚበትነው። አዛውንቱ ስንት ጊዜ ተቀምጠው እንደሆነ አላውቅም፤ መስመራቸው ግን አልጠፋም ነበር። እኔ በመጀመሪያ ቀኔ ለስላሳ ሆኜ ገባሁ።

የሁለተኛው ቀለበት ከሌሎቹ ሁሉ በፊት ለምን አለቀ? መልሱ ጣርማ በር ነው። ጣልያኖች ተራራውን ፈልፍለው ያወጡት ዋሻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ መጨረስ አለባችሁ። ፍሬን ብቻ ይዞ የወረደ ጎማው ሥር ጭስ ያያል፤ ስለዚህ በየመታጠፊያው ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ። ወደ ታች ማርሽ ሲመለስ ቀለበቱ ሥራው ይከብዳል፤ ጥርሱን፣ የታችኛውን ዘንግ፣ የፍሪሲዮኑን ሸራ ሳይቀር ይዞ ማፍጠን አለበት። ሾፌሩ እንደ ድሮዎቹ መሐል ላይ ጋዝ ቢሰጥለት ያግዘው ነበር። እኔ አላገዝኩትም። በጉልበት ነው የማስገባው፤ ብረቱ እንቢ ሲል ክንዴን እጨምር ነበር።

እህል ነጋዴውስ? እሱም በዚያው መንገድ ነበር የሚመላለሰው። መካኒኩ ጥርሶቹ ላይ ያለውን መሸራረፍ እያሳዩ ዳኝነት ሰጡ። ጠርዙ ጠቁሮ የዶለዶመው የቆየ ነው፤ ጠርዙ የሚያበራው የቅርብ ነው። «ይሄ የሱ፣ ይሄ የሱ፣ ይሄ ያንተ፣ ይሄም ያንተ።» ቀለበቱ ጋ ሲደርሱ ግን አቆሙ። ነሐሱ ላይ የእኔን ከእሱ መለየት አይቻልም። አንድ ላይ ነው የበላነው።

ዘይቱም እጁ አለበት። የዲፍሬንሻል ጥርሶች በከባድ ጫና ስለሚፋጩ ዘይታቸው ውስጥ ድኝ ያለበት መከላከያ ይጨመራል፤ ብርቱ ነው፣ ጂ.ኤል. 5 ይሉታል። አንዳንዱ እንዲህ ያለ ዘይት ሲሞቅ ነሐስን ይጎዳል፤ ከማንሸራተቱም ብዛት ቀለበቱ እንዳይነክስ ያደርጋል። «ብርቱ ከሆነ ለሁሉም ይሆናል» ብሎ አንዱን ዘይት ለዲፍሬንሻሉም ለካምቢዮውም የሞላው ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ ማለትም እኔ ነኝ። ለካምቢዮው ጂ.ኤል. 4 ተገዛ።

መግጠሙ ሁለት ቀን ፈጀ። ረዳቱ ልጅ አዲሱን ኩሽኔታ በቧንቧ እየመታ ሲያስገባ መካኒኩ ከሌላ መኪና ሥር ሆነው «ውስጠኛውን ብቻ!» ብለው ጮኹ፤ ውጩን ከመታ ምቱ በኳሶቹ አልፎ ነው የሚሄደው፣ ኩሽኔታው ሳይሠራ ይሞታል። እንዴት በድምፁ እንዳወቁት አልጠየቅኩም። በሁለተኛው ቀን ሳጥኑ ተዘግቶ፣ ጓርኒሲዮኑ ተለጥፎ፣ ብሎኑ ሁሉ ጠብቆ ሳለ ልጁ ከጠረጴዛው ላይ የአተር ፍሬ የምታህል የብረት ኳስ አነሣ። «ይቺ ትርፍ ናት?» አለ። መካኒኩ አዩዋት። አልተቆጡም። ካቻቢቴያቸውን አንሥተው የዘጉትን መክፈት ጀመሩ። አንድ ሹካ ሲንቀሳቀስ ሌሎቹን ከሚቆልፉት አንዷ ናት አሉኝ፤ እሷ ከሌለች ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ ሊገባ ይችላል፣ ያን ጊዜ ካምቢዮው ባለበት ይደርቃል። ግማሽ ቀናችን በአተር ፍሬ አለቀ።

መንገድ ላይ ስንወጣ ሁለተኛው ገባ፤ ግን እየከበደው። ቅር አለኝ። አዲስ ነገር ቀላል መሆን ያለበት ይመስለን የለ? «ቀለበቱ አዲስ ነው፣ ሾጣጣው አሮጌ ነው። ገና አልተላመዱም» አሉ። «አታስገድደው። ጫን በለውና ጠብቀው፤ ራሱ ይጠራሃል።» ግራ ክንዴ መሪው ላይ ነው። ቀኝ ክንዴን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ጭኔ ላይ አደረግኩት፣ የሰው ክንድ መሰለኝ።

አሮጌ ዕቃዎቹን በባዶ የዘይት ጣሳ አድርገው ሰጡኝ። ወጉ ነው፤ የተለወጠልህን እንድታይ። ሹካውንና ኩሽኔታውን ጣልኳቸው። ቀለበቱን ቤት ይዤው ገባሁ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ። ባለቤቴ ናት ያወቀችው። የጀበናችን ማቶት ከተፈታ ከርሟል፤ ቀለበቱን በአመድና በሳሙና ፈትጋ ስታጥበው ወርቅ መሰለ። ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጣው የጀበናዋን ክብ ቂጥ አሳረፈችበት። ጀበናዋ ትንሽ ዞር አለችና ቆመች።

ከቦዩ ጎረቤቶች አንዱ ያን እሑድ ቡና ሊጠጣ መጥቶ ነበር። ሌላው ከዚያ ወዲህ አይመጣም።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ወደ ጀበናዋ ሥር እያየ።

«የካምቢዮ ዕቃ ነው» አልኩት።

ሳቀ። አቦሉን ጠጣ፣ ሲኒውን መለሰ፣ ስለ ቀጠሮው ቀን ሁለት ቃል ተናገረ፣ ሊነሣም ጉልበቱን ያዘ። 

«ቆይ» አልኩት። «ገና ቶና አለ።»